የምታዳምጥ ማግኔት

ጅማ ላይ የኮምፓስ መርፌ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ቢንጠለጠል፣ አውሮፓ ውስጥ ሰሜን ጠቋሚው ጫፍ አዘቅዝቆ ወደ መሬት ያመለክታል። ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ላይ ግን አግድም ለመሆን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። ምክንያቱ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም መርፌው ፍጹም አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ማለፉ ነው። በ1958 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ የያኔው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ የተከፈተውም ከተማዋ ለዚህ መስመር በጣም ቅርብ ስለሆነች ነው። ሥራውን የመሠረቱት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዊን ነበሩ።

በዚህ አካባቢ ያለው የምድር መግነጢሳዊ መስክ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነው (ቴስላ የመስክ ብርታት መለኪያ ነው፤ ማይክሮ ቴስላ የእሱ ሚሊዮንኛ)። ደካማ ነው፤ ቢሆንም ሥራ አይፈታም። እያንዳንዷ ኤሌክትሮን ኢምንት ማግኔት ናት፤ መስክ ውስጥ ስትገባ ግን እንደ ኮምፓስ መርፌ ወዲያው አትሰለፍም። የሚሾር እንዝርት ጫፉ መሬት ነክቶ ሲያዘነብል ወዲያው አይወድቅም፤ አናቱ በአየር ላይ ክብ እየሠራ ይቆያል። ኤሌክትሮንም በመስኩ ዙሪያ እንዲሁ ትዞራለች። የምትዞርበትን ፍጥነት የሚወስነው የመስኩ ብርታት ነው፤ በአንድ ቴስላ በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ። ይህ በጅማው መስክ ሲሰላ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመጣል፤ አባቶቻችን ሬዲዮ ያዳምጡበት በነበረው የመካከለኛ ሞገድ መደብ ውስጥ የሚወድቅ ድግግሞሽ ነው። ፕሮቶን በጣም ዝግ ትላለች፤ በሰከንድ 1,500 ጊዜ ገደማ። ያ ወደ ድምፅ ማጉያ ቢላክ በጆሮ የሚሰማ ቃና ነው፤ የምድርን መስክ የሚለኩ ብዙ መሣሪያዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ቃና በመቁጠር ነው።

አሁን ይህን ዙረት ወርዱ 400 ናኖ ሜትር በማይሞላ፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ በሆነ ክብ የብረት ዝርግ ውስጥ እናስገባው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ፀጉር ወርድ ላይ 200 ያህል እንዲህ ያሉ ዝርጎች ሊደረደሩ ይችላሉ። በዝርጉ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ተደጋግፈው እንደ አንድ ማግኔት ይንቀሳቀሳሉ። የዚህን እንቅስቃሴ ሒሳብ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ላንዳው እና ሊፍሺትስ በ1935 ጻፉት፤ ጊልበርት በ1955 ዛሬ የምንሠራበትን መልክ ሰጠው። ሒሳቡ ሁለት ኃይሎችን ያፋልማል። አንዱ ማግኔቱን ያዞረዋል፤ ሌላው እንደ ሰበቃ ሆኖ እያዳከመ ወደ መስኩ ያስተኛዋል። ሰበቃው ካሸነፈ ዙረቱ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ያበቃል።

በ1996 ጆን ስሎንቼቭስኪ እና ሉክ በርጀር፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው እየሠሩ፣ ሰበቃውን የሚረታ መንገድ በወረቀት ላይ አገኙ። ሁለት ማግኔታዊ ንጣፎችን እናስብ። የአንደኛው አቅጣጫ የተቸነከረ ነው፤ የሁለተኛው ነጻ ነው። በመካከላቸው አንድ ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማግኒዚየም ኦክሳይድ ግርዶሽ አለ። የኤሌክትሪክ ጅረት በተቸነከረው ንጣፍ ሲያልፍ የኤሌክትሮኖቹ ስፒን፣ ማለትም እያንዳንዷን ኤሌክትሮን ኢምንት ማግኔት የሚያደርጋት ባሕርይ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ነጻው ንጣፍ ውስጥ ሲገቡም ይዘውት የመጡትን ግፊት ለማግኔቱ ያስረክባሉ። ጅረቱ ከአንድ መጠን ካለፈ ግፊቱ በሰበቃው የጠፋውን ያህል ይተካል፤ ዙረቱም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ንጣፎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዩ ጅረቱ በቀላሉ ያልፋል፤ ሲቃረኑ ይከብደዋል። ስለዚህ ነጻው ማግኔት በዞረ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ይህ በአቅጣጫ የሚለዋወጥ ባሕርይ አልበርት ፌር እና ፒተር ግሩንበርግ በ1988 ከደረሱበት፣ በ2007 ኖቤል ካሸለማቸውና የኮምፒውተር ዲስኮችን ካስፋፋው ግኝት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በ2003 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ማግኔታዊ ንጣፎች በተደራረቡባት፣ በመካከላቸው ግን በግርዶሹ ፈንታ መዳብ ባለባት ትንሽ ምሰሶ ውስጥ ቀጥተኛ ጅረት ልከው የማይክሮዌቭ ሞገድ ሲወጣ ለኩ። እንዲህ ያለች መሣሪያ የስፒን ናኖ ኦሲሌተር ትባላለች፤ ኦሲሌተር ማለት ሳይቋረጥ የሚወዛወዝ ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው ድንቅ ቢሆንም፣ ብዙ መቆየት የሚገባን ቀጥሎ ያለው ላይ ነው።

መሐንዲስ የሚወደው ኦሲሌተር ሰፊም ጠባብም ቢወዛወዝ ድግግሞሹ የማይለወጠውን ነው። ትንሿ ማግኔት እንዲህ አይደለችም። የምትዞርበትን መስክ ከፊሉን የምትሠራው ራሷ ናት፤ የብረቱ ቅርጽና ራሱ ማግኔቱ መስክ ይፈጥራሉ። ማግኔቷ ይበልጥ ባዘነበለች ቁጥር ይህ የራሷ መስክ ይለወጣል፤ መስኩ ሲለወጥ የዙረቷ ፍጥነት ይለወጣል። እንግዲህ የዙረቱ ስፋትና ድግግሞሹ ተቆላልፈዋል ማለት ነው። የፊዚክስ ሰዎች መስመራዊ ያልሆነ የሚሉት ይህንን ነው፤ ጅረቱን እጥፍ ብናደርገው ውጤቱ እጥፍ አይሆንም፤ ከወሰኑ በታች ዝም ይላል፣ ወሰኑን ሲያልፍ በድንገት ይነሣል፣ ከዚያም እያደገ ሲሄድ ቃናውን ይቀይራል።

ይህ ጠባይ ብዙ ሰዎችን አስቸግሯል። በክፍል ሙቀት ውስጥ ሙቀት ራሱ ማግኔቷን ይነቀንቃታል፤ የስፋቱ መነቃነቅ በቀጥታ የድግግሞሽ መንቀዋለል ይሆናል። ንጹሕ ቃና ለሚፈልግ የሬዲዮ ሥራ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ያው ባሕርይ ግን ከሌላ ወገን ሲታይ ሀብት ነው። ቃናዋ ሊለወጥ ስለሚችል ትንሿ ማግኔት ጎረቤቷን መስማት ትችላለች። በ2005 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ በአሜሪካ የብሔራዊ ደረጃዎች ተቋም፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኦሲሌተሮች ምታቸውን አስተካክለው አንድ ሆነው እንደሚዞሩ አሳዩ። በ2020 የስዊድኑ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 64 ኦሲሌተሮችን በስምንት በስምንት ደርድሮ እንዲገጥሙ አደረገ። ድግግሞሹ ድርቅ ያለ መሣሪያ እንዲህ ላለው መግባባት አይመችም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሐሳብ ከሁሉ ይማርከኛል። በ2017 ዡሊ ግሮሊዬ የሚመሩት የፈረንሳይ ቡድን ከጃፓን ባልደረቦች ጋር አንዲት ኦሲሌተር ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተነገሩ ቁጥሮችን እንድትለይ አደረገ። አንዷ ማግኔት በየተራ እየሠራች የ400 ሰው ሠራሽ ነርቮችን ቦታ ተካች፤ ውጤቱም እስከ 99.6 በመቶ ደረሰ። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲጠቀስ ግን ነገሩን ያጋንነዋል ብዬ አምናለሁ፤ ድምፁ አስቀድሞ የጆሮን አሠራር በሚመስል ማጣሪያ ስላለፈ የሥራው ትልቁ ክፍል ማጣሪያው ውስጥ ተሠርቶ ነበር። በቀላል ማጣሪያ ሲሞከር ውጤቱ እስከ 80 በመቶ ነበር፤ የማግኔቷ ድርሻ ጎልቶ የሚታየውም እዚያ ነው። በቀጣዩ ዓመት ይኸው ቡድን አራት ኦሲሌተሮችን አጎዳኝቶ ሰባት የእንግሊዝኛ አናባቢዎችን አስለየ። ከእያንዳንዱ አናባቢ የወጡት የድምፅ ልኮች በሁለት የማይክሮዌቭ ቃናዎች ተጨምቀው ወደ ማግኔቶቹ ይላካሉ፤ የትኞቹ ኦሲሌተሮች ከየትኛው ቃና ጋር ምት እንደ ገጠሙ ሲታይ አናባቢው ይታወቃል። ሥልጠናው በየኦሲሌተሩ የሚያልፈውን ጅረት ጥቂት በጥቂት ማስተካከል ነበር፤ ትክክለኛነቱም ወደ 90 በመቶ ተጠጋ።

ይህ እንደ ጅማ ባለ የቡና አገር ምን ይሠራል? በ2014 የኢትዮጵያ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለ የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፤ እንደ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ባሉ ቋንቋዎች የተቀዳ ምክር ይሰማል፤ የሚፈልገውን የሚመርጠው ግን ቁጥር በመጫን ነው። ማሽኑ ይናገራል፤ አይሰማም። ዛሬ ንግግር የሚሰሙት ማሽኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድምፁን ወደ ሩቅ የኮምፒውተር ማእከል የሚልኩ፣ ኔትወርክና ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠይቁ ናቸው። በጅማ ዞን ጌራ ጫካ ውስጥ ጥቅምትና ኅዳር እሸት ቡና የሚለቅም ሰው ይህን አያገኝም። ስልኩ ውስጥ ባለች፣ በጣም ጥቂት ኃይል በምትፈልግ ቺፕ ላይ የሚሠራ ጆሮ ቢኖር ግን በአፉ ጠይቆ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ናኖ ኦሲሌተሮች ገና ከቤተ ሙከራ አልወጡም፤ እኔ ተስፋ የማደርግባቸው ግን የማስታወሻ ቺፕ ፋብሪካዎች ዛሬ ከሚሠሩት ማግኔታዊ ምሰሶ ጋር አሠራራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግን የእኛን ቋንቋዎች በቀጥታ የሚነካ ችግር አለ። አማርኛም ሰባት አናባቢዎች አሉት፤ የአራቱ ኦሲሌተሮች ሙከራ ለቁጥሩ ይበቃዋል። አፋን ኦሮሞ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዱ አጭርና ረጅም ሲሆን ርዝመቱ ትርጉም ይለውጣል። አማርኛም የሚጠብቅና የሚላላ ተነባቢ አለው። እንግዲህ ማሽኑ የቃናውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ቆየም ማወቅ አለበት፤ ለዚህ ትዝታ ያስፈልገዋል። ትንሿ ማግኔት ትዝታ አላት፤ ጅረቱ ሲለወጥ አዲሱን ስፋት የምትይዘው ወዲያው ሳይሆን ቀስ በቀስ ነውና ያለፈው ለአፍታ ውስጧ ይቆያል። አፍታው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናኖ ሰከንዶች ብቻ ነው፤ አንድ ረጅም አናባቢ ደግሞ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ይበልጣል። ልዩነቱ በመቶ ሺዎች እጥፍ ይቆጠራል። በ2017 ሙከራ የተቀዳው ድምፅ እጅግ ተፋጥኖ ነበር የገባው። በ2019 ከማግኔቷ የወጣውን ምልክት አዘግይቶ መልሶ በማስገባት ትዝታውን የማስረዘም ሙከራ ታትሟል፤ የእኛን ረጃጅም አናባቢዎች ሊያደርስ የሚችለው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ይህን ለመመርመር ከአቧራ የጠራ ክፍልና የናኖ ማምረቻ እስኪገነባ መጠበቅ አያስፈልግም። በቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሙማክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የላንዳውን፣ የሊፍሺትስንና የጊልበርትን ሒሳብ የግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይፈታል። ወርዱ 375 ናኖ ሜትር የሆነ ዝርግ በአምስት አምስት ናኖ ሜትር ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ጎን 75፣ በጠቅላላው ከ5,700 ያነሱ ትንንሽ ሕዋሶች ይሆናል፤ ለአንድ ተማሪ ኮምፒውተር የሚቻል ሸክም ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስም፣ የቁሳቁስ ምሕንድስናም፣ አፋን ኦሮሞም የሚያስተምር ተቋም ነው። የቋንቋው ክፍል ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ተናጋሪዎች አጭርና ረጅም አናባቢዎችን ይቅዳ፤ የፊዚክሱ ክፍል ቅጂውን ወደ ጅረት ለውጦ በሒሳብ በተሠራችው ማግኔት ውስጥ ያሳልፈው፤ መልሶ የማስገቢያው መዘግየት ስንት ሲሆን ሁለቱ እንደሚለዩም ይለካ። የማስተርስ ተማሪ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው፤ ድምፁን መቅዳትም ከዚህ መኸር ሊጀመር ይችላል።