ሊማሊሞን በአንደኛ ማርሽ

ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? እኔና ባለቤቴ በ2000 ዓ.ም. የዘመድ ሠርግ ተጠርተን ሄደንበታል። ቀሐ ካለው ቤታችን በሌሊት ተነሥተን፣ ጸልየን አውቶቡስ ተሳፈርን።

እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ዓይን አያስነቅልም። ወለቃን አልፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ኮሶዬ ላይ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ቆላው ከሥር ይታያል። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ገብስና ብርድ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከዚህ ዘልቆ ብዙ ቤተሰብ ሐዘን ላይ ጥሏል፤ እኛ ስናልፍ ግን ሰላም ነበር። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚገባውም ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ነው።

ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞ ይመጣል። ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲመጣ በዚሁ ተራራ ወጥቷል፤ ያኔ የበቅሎ መንገድ ነበር። የመኪናውን መንገድ ገደሉን እየፈለፈሉ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። አናቱን ወልከፊት ላይ ይዞ የነበረው ጦራቸውም እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው።

ባለቤቴ የተቀመጠችው በገደሉ በኩል ነበር። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ክንዴን ጨብጣ፣ “እባክህ ወንበር እንቀያየር” አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰው እየሰማ፣ “እምነትሽ የት ሄደ?” ብዬ ሳቅሁባት። እንባዋ መጣ፤ ከዚያ ዝም አለች።

ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር ብለው፣ “ልጄ፣ ሹፌሩም እኮ ይፈራል። ባይፈራ ኖሮ እንዲህ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር?” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንዲህ ባለ ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሳያቋርጡ ከረገጡት ይግልና መያዝ ያቅተዋል። አውቶቡሱ በአንደኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ተይዞ እያጓራ ነበር የሚወርደው። አፍሬ ተነሣሁና ወንበር ተቀያየርን። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ የገዛ ጉልበቴ ራደ።

ዛሪማ ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢያችንን አስወለቀን። ሻይ ቤት ተቀምጠን ይቅርታ ጠየቅኋት። ወዲያው አልመለሰችልኝም፤ ሻይዋን ጨርሳ፣ “ሰው ፊት ባይሆን ኖሮ” አለች።

ስንመለስ ሊማሊሞ ሥር የመስኮቱን ወንበር ማን ይያዝ ብዬ ጠየቅኋት።

“አንተ ተቀመጥበት። ጭላዳዎቹን በትከሻህ ላይ አሻግሬ አያለሁ” አለችኝ።