ከርከሮንና የዱር አሳማን በጋራ መከላከል ያስፈልጋል

በደቡብ ጎንደር በጉማራ ወንዝ አጠገብ እንዳለው እንደ ወንዛዬ ማሳና ጥሻ በሚዋሰኑበት አገር ከርከሮና የዱር አሳማ በሰብል ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ቀላል አይደለም። በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ ድንቹ ሲያፈራ የገበሬው ልፋት በአንድ ሌሊት ሊወድም ይችላል።

የቀበሌ መሪዎች በመጀመሪያ ሁለቱን ለይተው ለገበሬው ማስረዳት ይገባቸዋል። ከርከሮ ቀን ተሰማርቶ ሌሊት በጉድጓድ ያድራል። የዱር አሳማ ግን ቀን በጥሻ ተኝቶ ውሎ ማታ ይወጣል። ስለሆነም ለአንዱ የቀን ጥበቃ፣ ለሌላው የሌሊት ማማ ያስፈልጋል።

አደኑም በተናጠል መሆን የለበትም። አንዱ ያባረረው መንጋ ከጎረቤቱ ማሳ ይገባል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋውን ስለማይበላ ለራሱ ጥቅም ብሎ የሚያድን አይገኝም። ተጎራባች ቀበሌዎች ሰብል ከመድረሱ በፊት ቀን ቆርጠው ጥሻውን በአንድነት ቢከቡ ግን ውጤት ይገኛል።

ሆኖም ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ስለተከለከለ፣ መሪዎች አስቀድመው ፈቃዱን በወረዳው በኩል መጠየቅ አለባቸው። መርዝ ውሻንና ጥንብ አንሣን ጭምር ስለሚፈጅ ፈጽሞ አይቀመጥ። ነብርም አሳማን እያደነ ቁጥሩን የሚቀንስ የገበሬው ረዳት ስለሆነ በዘመቻው ላይ እንዳይገደል ጥንቃቄ ይደረግ።