ከስባሪ ሩዝና ከወተት፦ በፎገራ ሜዳ በአነስተኛ ወጪ የሚዘጋጁ የቤት ውስጥ ጣፋጮች

በደቡብ ጎንደር ዞን ከሐሙሲት እስከ ወረታ፣ ከዚያም እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በሁለት ነገሮች ይታወቃል፤ በሩዙና በከብቱ። ይሁንና ሁለቱም በእጁ ያሉት ቤተሰብ ለበዓል፣ ለእንግዳ ወይም ለልጆች አንዳች ጣፋጭ ነገር ሲያስፈልገው ብዙውን ጊዜ የሚያማትረው ከሱቅ ወደሚገዛው ብስኩት፣ ከረሜላና የለስላሳ መጠጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአካባቢው ከሚገኘው ምርት በጥቂት ወጪ ምን ዓይነት ጣፋጭ ምግብ ማዘጋጀት እንደሚቻል፣ ወጪውም በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ ማብራራት ነው።

በአገራችን የአመጋገብ ልማድ ከማዕድ በኋላ የሚከተለው ቡና እንጂ ጣፋጭ አይደለም። ስለሆነም ከዚህ በታች የተገለጹት ምግቦች የግድ ከምሳ ወይም ከእራት በኋላ መቅረብ አይኖርባቸውም። ለቡና ቁርስ ወይም ለልጆች መክሰስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲያውም የሚሻለው ይኸው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ መሆናቸውን አመልክቷል። ክልሉ እህል አምራች እንደመሆኑ መጠን ይህ አኃዝ ብዙዎችን አስገርሟል። ይሁን እንጂ መቀንጨር በእህል እጥረት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የወተት፣ የእንቁላል፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ከሕፃናት ገበታ መጥፋትም ድርሻ አለው። ሕፃን ልጅ ጣፋጭ ምግብን እምብዛም እምቢ አይልም። በመሆኑም በቤት የሚሠራ ጣፋጭ ስኳርን ሳይሆን ወተትንና እንቁላልን ወደ ልጁ የሚያደርስ ሆኖ ሲዘጋጅ የወጣበት ገንዘብ እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባም።

ስባሪው ሩዝ

ሩዝ በፎገራ ሜዳ የቆየ ሰብል አይደለም። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በአካባቢው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ ኤክስ-ጅግና በመባል የሚታወቀው ዝርያ ስሙን ያገኘው ሐሙሲት በምትገኝበት በደራ ወረዳ ካለችው ከጅግና ነው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። ሕዝቡም ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል፤ ዳቦና ጠላም ያዘጋጅበታል።

ሩዙ በመፈልፈያ ሲያልፍ ከፍሬው ከፊሉ መሰበሩ አይቀርም። ስባሪው ለዓይን ስለማያምር ከሙሉው ፍሬ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ለጣፋጭ ሥራ ግን ስባሪው ከሙሉው የተሻለ ነው። ሩዝ በወተት ሲበስል እንደ ገንፎ የሚያስተሳስረውና የሚያወፍረው ከፍሬው ውስጥ ወደ ፈሳሹ የሚወጣው ስታርች ነው። የተሰበረ ፍሬ ብዙ የተከፈተ ገጽ ስላለው ስታርቹን ቶሎ ይለቃል፤ ቶሎም ይበስላል። ለወጥ ማባያ ሲሆን ጉድለት የሚባለው መጣበቅ እዚህ የሚፈለግ ባሕርይ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ውድ የሆነ የታሸገ ሩዝ መግዛት አያስፈልግም፤ ውጤቱም በዚያ አያምርም።

ለስድስት ሰው የሚሆን ሩዝ በወተት ለማዘጋጀት 200 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚይዝ ብርጭቆ አንድ ብርጭቆ ስባሪ ሩዝ፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፣ ሦስት ብርጭቆ ወተት፣ ሦስት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ሩዙ ከጠጠርና ከገለባ ተለቅሞ ከታጠበ በኋላ ለግማሽ ሰዓት በውሃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎም በሦስቱ ብርጭቆ ውሃ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ውሃውን እስኪመጥ ድረስ ይቀቀላል። ወተቱ ለብቻው ፈልቶ ከተዘጋጀ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ እሳቱ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይማሰላል። የድስቱ ግርጌ እንዳያር ማማሰያው እስከ ታች መድረስ ይኖርበታል። ኮረሪማ ወይም ቀረፋ ካለ በዚህ ጊዜ ይገባል፤ ከሌለም ምግቡ አይጎድልበትም።

ስኳሩ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙዎች ከመነሻው ይጨምሩታል፤ ሆኖም ስኳር ውሃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ የሩዙን መብሰል ያዘገያል፤ ከድስቱ ግርጌ ጋርም ቶሎ ያርራል። በሁለቱም መንገድ ተጨማሪ ከሰል ያስወጣል። እንቁላል መጨመር የሚፈልግ ቤተሰብ አንዱን እንቁላል በሳህን መትቶ፣ ከትኩሱ ሩዝ አንድ ሁለት ማንኪያ እያከለ ካለመደው በኋላ ወደ ድስቱ መልሶ በደንብ እስኪበስል እያማሰለ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት አለበት። እንቁላሉ በቀጥታ ወደ ፈላው ድስት ከገባ ይረጋና እንደ ፍርፍር ይበታተናል።

በዚህ ልክ የተዘጋጀው ምግብ ለአንድ ሰው የሚያደርሰው የተጨመረ ስኳር ስድስት ግራም ገደማ ነው። ለንጽጽር ያህል አንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ መጠጥ በተለምዶ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ምግብ ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ሁለተኛው ልክ ለአዋቂ ሰው ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማርም በዚህ ስሌት ከስኳር ጋር ይቆጠራል። «ማር ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ ሊሰጠው አይገባም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከላይ የተገለጸው ምግብ ያለ ስኳር፣ በተፈጨ ሙዝ ብቻ ተጣፍጦ ቢቀርብ ይመረጣል።

የጾም ወቅትና የአጓቱ ነገር

የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደማመሩ በአካባቢው ለሚገኙ በርካታ ቤተሰቦች ወተት የማይቀመስባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ሩዙን በሱፍ ማዘጋጀት ይቻላል። ሱፉ በለዘብታ እሳት ታምሶ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦም በጥሩ ወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። የወጣው ነጭ ፈሳሽ በወተቱ ፋንታ ይገባል። በኃይለኛ እሳት ከፈላ ስለሚቋጠር የሚጨመረው ሩዙ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ነው። ኦቾሎኒም በዚሁ መንገድ ያገለግላል። ሆኖም የሻገተ፣ የጨመተረ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ተለቅሞ መጣል አለበት። በእንዲህ ያለ ፍሬ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በመቁላት አይጠፋም። ለርካሽነቱ ሲባል የሻገተ ኦቾሎኒ መግዛት ትርፍ የለውም።

ጾም በወላጆች ላይ ቢሆንም ትንንሽ ልጆች አይጾሙም። ላሟ ግን በጾምም ትታለባለች። የሚጠራቀመው ወተት እርጎ፣ ከዚያም ቅቤና አይብ ይሆናል፤ ከአይቡ የሚለየው አጓት ደግሞ በብዙ ቤት ለጥጃ ወይም ለውሻ ይሰጣል። አጓት በውስጡ የወተቱን ስኳርና ከፊል ፕሮቲኑን ይዟል። የልጆች ሩዝ በውሃ ፋንታ በትኩስ አጓት ተቀቅሎ ጥቂት ስኳር ቢታከልበት ኮምጠጥ ያለ ደስ የሚል ጣዕም ይኖረዋል። በዚህ ድስት ላይ ወተት መጨመር ግን አይቻልም፤ የአጓቱ ኮምጣጣነት ወተቱን ያረጋዋል።

ጠቁሮ የረከሰው ሙዝ

ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ልጣጩ ጠቋቁሮ ዋጋው የወረደው ሙዝ ለጣፋጭ ሥራ ከቢጫው ይበልጣል፤ ስኳርም አይሻም። ውስጡ ያልበሰበሰና ያልሻገተ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። ሁለት ሙዝ በሹካ ተድጦ፣ ከግማሽ ብርጭቆ የሩዝ ዱቄትና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ጋር ተለውሶ፣ በትንንሹ እየተደፋ ዘይት በተቀባ መጥበሻ ላይ በሁለቱም ጎን ይጋገራል። የሩዝ ዱቄት ብቻውን ሊጥን የሚያያይዝ ባሕርይ ስለሌለው የስንዴው ዱቄት አስፈላጊ ነው። ብዙ ዘይት ውስጥ መጥበስ አያስፈልግም፤ የዘይት ዋጋ በሚታወቅበት በዚህ ጊዜ ይህን ማስረዳትም አያሻም።

ስኳር ድንች ከነልጣጩ በትንሽ እሳት ቀስ ብሎ ሲበስል ከተፈጥሮው ይበልጥ ይጣፍጣል። በውስጡ ያለው ኢንዛይም ሙቀቱ ከፍ እስኪል ድረስ ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጥ ነው፤ በኃይለኛ እሳት ፈጥኖ የበሰለው ያን ያህል አይጣፍጥም። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዝርያና ዱባ ለቫይታሚን ኤ ጥሩ ምንጮች ናቸው። ሰውነት ይህን እንዲጠቀምበት ግን ጥቂት ቅባት ያስፈልጋል፤ የተፈጨው ዱባ ላይ የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ በጾም ደግሞ ዘይት ጠብ ማድረግ ለዚህ ይበቃል።

ከሰልና እንጨት

የወጪ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማገዶ ዋጋ ነው። ለፎገራ ቤተሰብ ሩዙና ወተቱ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ በገንዘብ የሚገዙት ስኳሩ፣ ዘይቱና ከሰሉ ናቸው። ስለዚህ ቁጠባው መጀመር ያለበት ከእነዚህ ነው። ሩዙን መዘፍዘፍ የማብሰያውን ጊዜ ያሳጥራል። ከዚህም በላይ የሚረዳ ዘዴ አለ። ሩዙ በተከደነ ድስት ለአምስት ደቂቃ ያህል በደንብ ከፈላ በኋላ ከእሳት ይወርድና፣ ውስጡ በሩዝ ጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ተቀብሮ በላዩ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረብበታል። በያዘው ሙቀት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ይበስላል። ጭዱ ደረቅና ንጹሕ፣ የድስቱም ክዳን በሚገባ የገጠመ መሆን አለበት። ሰዓቱ እንዳለፈ ድስቱ ወጥቶ ወተቱ ተጨምሮ እንደገና መፍላት ይኖርበታል።

አያያዙ

ጥሬ ወተት ሳይፈላ ለምግብ መዋል የለበትም፤ የከብት ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፉት በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው የበሰለው ሩዝ ነው። በሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ የባክቴሪያ ዓይነት በመቀቀል የማይሞት ዘር አለው። የበሰለው ሩዝ በሞቃት ክፍል ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ዘሩ ነቅቶ ይራባል፤ የሚያስታውክ መርዝም ያመነጫል። መርዙ ምግቡን እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። የፎገራ ሜዳ ወይና ደጋ ቢሆንም ቀኑ ሊሞቅ ስለሚችል፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሩዝ በወተት ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ያህል ብቻ ተሠርቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢበላ ይመረጣል። ማቀዝቀዣ ካለ ደግሞ በሰፊ ሳህን ተዘርግቶ ቶሎ እንዲበርድ ከተደረገ በኋላ ተከድኖ ይገባል፤ በማግስቱም ያልቃል።