ዘይት ያልሆነው ዘይት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ በእህል ንግድ የሚተዳደሩና ዕድሜያቸው ከሰባ የተሻገረ አንድ የጎጃም ሰው ፒክአፕ መኪናቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወዳለው ጋራዤ መጡና፥ ወንበር ስስብላቸው እንኳ ሳይቀመጡ፥ «ልጄ፥ ይህች መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ከዳችኝ፤ ከዳችኝና ደግሞ ታረቀችኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጤፍ ጭነው ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ፥ ያ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያዘቀዝቅ መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ እያወቁ፥ ነዳጅ ልቆጥብ ብለው ማርሹን ዜሮ አድርገው እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሡ ቆዩ፤ ድልድዩም ከሩቅ መታየት ሲጀምር ፔዳሉ ምንም ሳይቋቋማቸው እስከ ወለሉ ዘለቀ። በእጅ ፍሬን፥ በመከራ በገባ ማርሽና በእግዚአብሔር ቸርነት መኪናዋን ከገደሉ በተቃራኒ ካለው አፈር ጋር አላትመው አቆሟት። ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው፥ ድንጋጤው ሲለቃቸው ተመልሰው ፔዳሉን ቢረግጡት፥ እንደ ማለዳው ጠንካራ ሆኖ አገኙት። በመንገድ ያገኙት አንድ መካኒክም ጎማዎቹን ሁሉ ፈትቶ፥ የሚያፈስ ቱቦ ቢፈልግ አጥቶ፥ የፍሬን ሸራውን ብቻ ለውጦ «ምንም የለባትም» ብሎ ሸኛቸው። «እንግዲህ ያበድሁት እኔ ነኝ ወይስ መኪናዋ?» ብለው ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ባነሣ፥ የጠራ ጠጅ ሊመስል የሚገባው ፈሳሽ የቡና አተላ መስሎ ጠቁሯል። መቼ እንደ ተለወጠ ብጠይቃቸው፥ «ሲጎድል እሞላለታለሁ እንጂ የምን መለወጥ ነው?» አሉኝ። መኪናዋ በእጃቸው ከገባች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

እኒህን አዛውንት ለመውቀስ አልደፍርም፤ ያሳሳታቸው ስሙ ነውና። እኛ ሁላችን «የፍሬን ዘይት» እንለዋለን፤ ዘይት የተባለ ነገር ደግሞ በአገራችን ሰው ኅሊና ውስጥ ውሃን የማይቀበል፥ ቢጎድል የሚሞላ፥ ከሞተር ዘይት ወይም ከመቅረዝ ዘይት ጋር በባሕርይ የሚዛመድ ነው። ስሙ በጥንት ጊዜ እውነትነት ነበረው፤ በአሜሪካ ዱዘንበርግ የተባለው ኩባንያ በ1921 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በአራቱም ጎማ ላይ በፈሳሽ ኃይል የሚሠራ ፍሬን ያለው መኪና ለገበያ ባቀረበበት ዘመን አካባቢ፥ በቱቦው ውስጥ ይሞላ የነበረው ብዙውን ጊዜ የጉሎ ዘይት ከአልኮል ጋር ተቀላቅሎ ነበር። የዛሬው ግን፥ ዶት 3 የሚባለው ዓይነትም ይሁን ዶት 4፥ ግላይኮል ከሚባለው ወገን የተሠራ ስለ ሆነ ዝምድናው ከአልኮል እንጂ ከዘይት አይደለም፤ ስለዚህም ውሃን ይወዳል፤ በክዳኑና በጎማ ቱቦው ረቂቅ ቀዳዳ ከሚያልፈው አየር ውስጥ እርጥበትን በዝግታ፥ ሌሊትና ቀን፥ መኪናው ቆሞም ሲሄድም ይጠጣል።

ይህ ጠባዩ ለክፋት ብቻ የተሰጠው አይምሰላችሁ። ውሃውን በራሱ ውስጥ ባያሟሟው ኖሮ፥ ጠብታው ከቱቦው ዝቅተኛ ቦታ፥ ይኸውም ከጋለው ጎማ አጠገብ ይጠራቀምና፥ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ብቻውን ይፈላ ነበር። ውሃ የማይጠጣው የሲሊኮን ፈሳሽ፥ ዶት 5፥ ለተራ መኪና ያልተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን የጠጣውን ያህል ይደክማል፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲታገሥ የሚፈለግበት ሲሆን፥ ከመቶው 3.7 እጅ ውሃ ሲገባበት ግዴታው ወደ 140 ይወርዳል፤ የዶት 4ም ከ230 ወደ 155 ዝቅ ይላል።

የአዛውንቱ ምሥጢር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅምና የእግር ኃይል ሳይጎድል እስከ ጎማው ይደርሳል፤ ፈልቶ እንፋሎት የሆነ ግን ይጨመቃልና፥ እግር የሚረግጠው ፍሬኑን ሳይሆን እንፋሎቱን ይሆናል። ጎማው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። መካኒኩ ምንም ያላገኘው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ እርሱ በደረሰ ጊዜ ወንጀለኛው ልብሱን ለውጦ በንጹሓን መካከል ቆሞ ስለ ነበር ነው።

«ሲጎድል እሞላለታለሁ» ስለሚለው ልማድም አንድ ነገር ልናገር። ጤነኛ ፍሬን ፈሳሹን አይበላም። የዲስክ ፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚራመድ፥ ከማጠራቀሚያው የወረደው ፈሳሽ የፒስተኑን ሥፍራ ይሞላል፤ ስለዚህ መጠኑ ዝቅ ማለቱ ወይ «ሸራዬን እዩልኝ» ማለት ነው፥ ወይ የሚያፈስ አለ ማለት ነው። ሳያዩ የሚሞላ ሰው መልእክተኛውን አፉን ይዘጋዋል። አዲስ ሸራ በገባ ጊዜ ደግሞ ትርፉ ገንፍሎ በመኪናው ቀለም ላይ ይፈስስና፥ ቶሎ በውሃ ካልታጠበ ቀለሙን ይልጠዋል። ከዚህም የባሰ፥ አንድ ወጣት ሾፌር «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የሞተር ዘይት ጨምሮበት መጥቶ ነበር፤ ፈሳሹን የሚያትሙት ጎሚኒዎች ሁሉ አብጠው ጎማዎቹን ስለ ያዙ፥ ፔዳሉ ከሚገፋው የፍሬን ማስተር ጀምሮ ጎሚኒ ያለበትን ዕቃ በሙሉ ለወጥንበት።

ለውጡ ራሱ ሁለት ሰውና ትዕግሥት እንጂ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። አሮጌውን ከማጠራቀሚያው መጥጦ አዲሱን ሞልቶ፥ አምራቹ ሌላ ሥርዓት ካላዘዘ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ መጀመር፤ አንዱ «ያዝ» ሲል ሌላው ረግጦ መያዝ፥ የተላላው የአየር ማውጫ ቡሎን ተመልሶ ሳይጠብቅ እግሩን አለማንሣት፥ ማጠራቀሚያውም እንዳይደርቅ መጠበቅ። በአሮጌ መኪና ላይ ከፔዳሉ ሥር ጣውላ አኖራለሁ፤ የማስተሩ ጎሚኒ ዘወትር ወደማይደርስበት ዝገት ወዳለበት ሥፍራ ከዘለቀ ይቀደዳልና። አረፋው ሲያልቅ ረዳቴ ዘወትር «ጋሼ፥ አየሩ እኮ አልቋል» ይለኛል፤ እኔም «የምንጠብቀው አየሩን አይደለም፥ ቀለሙን ነው» እለዋለሁ፤ ከቡሎኑ ጫፍ በተሰካው የጠራ ቱቦ ውስጥ አዲሱ ፈሳሽ ሳይታይ ከተነሣን የለወጥነው የላዩን ብቻ ነው።

አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ገና ጋራዥ በከፈትሁ ሰሞን፥ ክዳኑ በጨርቅ የተወተፈ ግማሽ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ከመደርደሪያዬ ላይ አይጠፋም ነበር፤ በቁጠባ ስም ስንት ክረምት የጠጣ ፈሳሽ በደንበኞቼ መኪና ውስጥ እንዳፈሰስሁ አላውቅም። ዛሬ ቆርቆሮው ባለቤቱ ፊት ይከፈታል፤ የተረፈውም አይቀመጥም።

የአዛውንቱን መኪና አጥበን በዶት 4 ሞላንላቸው፤ በማጠራቀሚያውም አጠገብ ቀኑን የጻፍሁበት ወረቀት ለጠፍሁላቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሊያስለውጡ ሳይጠሩ መጡ። እናንተም ኮፈናችሁን ከፍታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ካጣችሁ፥ መካኒካችሁን መቼ እንደ ለወጠው ጠይቁት፤ ካላስታወሰ፥ ዓባይንም ሆነ ጣርማ በርን ከመውረዳችሁ በፊት ይለውጠው።