ስሊፐር ክላች፤ ትርፍ ነው ወይስ ትርፍ ወጪ?

የሞተር ሳይክል ሻጮች ዋጋ ሲጨምሩ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ "ስሊፐር ክላች" ወይም ተንሸራታች ፍሪሲዮን ነው። ቀድሞ ለውድድር ሞተሮች ብቻ ይሠራ የነበረው ይህ ዕቃ፣ ዛሬ የጃፓንና የሕንድ ፋብሪካዎች በሚያቀርቧቸው አነስተኛ ሞተሮች ላይ ሳይቀር ይገጠማል። ለገዢው የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው። በመንገድ ላይ ለሚሠራ ሞተር፣ ዕቃው የሚጠየቅበትን ገንዘብ ያህል ይመልሳል ወይ?

ችግሩ ከየት ይነሳል?

አሽከርካሪው ጋዙን ዘግቶ ማርሽ ሲቀንስ፣ ሞተሩ ጎማውን መንዳቱ ቀርቶ የኋላ ጎማው ሞተሩን መንዳት ይጀምራል። ለአብነት የ4ኛ ማርሽ ጥምርታ 1.3፣ የ2ኛው 1.95 ነው እንበል። በ4ኛ ማርሽ በደቂቃ 6,000 ዙር የሚዞር ሞተር ፍጥነቱ ሳይቀንስ ወደ 2ኛ ቢወርድ፣ 9,000 ዙር መድረስ ይኖርበታል። ይህን የ3,000 ዙር ልዩነት አሽከርካሪው በጋዝ ካልሞላው፣ ሞተሩ የሚወስደው ከኋላ ጎማው ነው።

በዚያው ቅጽበት የፊት ፍሬን ተይዞ ከሆነ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ የኋላ ጎማው መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በመሆኑም ጎማው ይነጥራል፣ ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ኤቢኤስ ለዚህ መፍትሔ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ኤቢኤስ የሚያላላው ፍሬኑን እንጂ ሞተሩ በጎማው ላይ የሚያሳድረውን ጫና አይደለም።

ዕቃው እንዴት ይሠራል?

የፍሪሲዮን ሸራዎችን አጣብቀው የሚይዙት ሞላዎች ናቸው። በተንሸራታች ፍሪሲዮን ውስጥ፣ በመካከለኛው ቋትና ሸራዎቹን በሚጫነው ሳህን መካከል ዘቅዘቅ ብለው የተቆረጡ ጥርሶች አሉ። ከጎማው የሚመጣው ኃይል ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ እየወጡ ሳህኑን በጥቂቱ ያነሱታል። ሸራዎቹም ይንሸራተታሉ፤ ጎማው ላይ ሊያርፍ የነበረው ድንገተኛ ጫና ይቀንሳል።

አዳዲሶቹ ሞዴሎች በሌላ አቅጣጫ የተቆረጡ ጥርሶችም አሏቸው። ሞተሩ ጎማውን በሚነዳበት ጊዜ እነዚህኞቹ ሳህኑን ይበልጥ ያጠብቁታል። ስለሆነም ፋብሪካው ለስላሳ ሞላ መጠቀም ይችላል፤ የፍሪሲዮኑ መያዣም ለእጅ ይቀላል።

ከውድድር ወደ ገበያ

ሆንዳ ይህን መሰል አሠራር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በቪኤፍ ሞተሮቹ ላይ አቅርቦ ነበር። ፍላጎቱ የሰፋው ግን በ2002 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሻምፒዮና ከ500 ሲሲ ባለሁለት ምት ወደ 990 ሲሲ ባለአራት ምት ሞተሮች መሸጋገር ሲጀምር ነው። ባለአራት ምት ሞተር ጋዝ ሲዘጋ ከባለሁለት ምቱ ይበልጥ ስለሚጎትት፣ ያለዚህ ዕቃ መወዳደር አዳጋች ሆነ።

ከዚያ በኋላ ዕቃው ወደ ታችኛው ገበያ ወረደ። በ2013 የካዋሳኪ ኒንጃ 300፣ በ2016 መጨረሻ የባጃጅ ኩባንያ ዶሚናር 400፣ በ2017 ደግሞ 155 ሲሲ ብቻ ያለው ያማሃ አር15 ይህን ፍሪሲዮን ይዘው ቀርበዋል። በአንጻሩ ያማሃ አር3 በ2015 ለገበያ ከቀረበ በኋላ ለዓመታት ያለዚሁ ዕቃ ተሽጧል፤ ያገኘው በ2025 ሞዴሉ ነው። ይህም ዕቃው ጠቃሚ ቢሆንም ያለ እርሱ ገበያ የማይገኝ አለመሆኑን ያሳያል።

ማን ይጠቀማል?

ከፍተኛ ጉልበት ያለው፣ በተለይም አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ሲሊንደር ያለው ሞተር የሚነዳ ሰው ጥቅሙን ያገኘዋል። በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ማርሽ ሲቀንስ ለስህተቱ መጠነኛ መድን ይሆነዋል። በካምቢዮውና በሰንሰለቱ ላይ የሚያርፈው ምትም ይለዝባል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ሲይዝና ሲለቅ ለሚውል ሠራተኛ ደግሞ ትልቁ ጥቅም የመያዣው መቅለል ነው።

በሌላ በኩል እንደ ቦክሰር ያሉ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ የሥራ ሞተሮች የመጎተት ኃይላቸው አነስተኛ ነው። ማርሽ ሲቀንስ ጋዝ ሰጥቶ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ የለመደ አሽከርካሪ ያው ውጤት ያገኛል። ይህ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላም ነጥብ አለ። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳይግል ሞተሩ መጎተት አለበት። ከፋብሪካ የሚገጠመው ፍሪሲዮን የሚንሸራተተው ጫናው ሲበዛ ብቻ በመሆኑ ይህን ጉልበት አያሳጣም። ለውድድር ተብሎ እጅግ እንዲላላ የተስተካከለው ግን ለእንዲህ ያለው መንገድ አይመከርም። ባትሪ ሲሞት ሞተሩን በግፊት ማስነሳትም ሊያስቸግር ይችላል።

የሒሳቡ መዝጊያ

ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠም የውድድር ደረጃ ፍሪሲዮን ብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዱም ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ለመንገድ ሞተር ይህን ማውጣት ኪሳራ ነው። ያው ገንዘብ በጥሩ ጎማ፣ በፍሬን ሸራና በራስ ቁር ላይ ቢውል የበለጠ ደኅንነት ይገዛል። ከፋብሪካው ተገጥሞ ከመጣና የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ግን መቀበሉ ያዋጣል።

ለማትረፍ ብሎ ሞተር የሚያስመጣ ነጋዴም ሌላ ስሌት ሊያስብ ይገባል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ጭራሹን ፍሪሲዮን የላቸውም። ገዢው ወደዚያ ባዘነበለ ቁጥር ስሊፐር ክላች የዋጋ መጨመሪያ ምክንያት መሆኑ እየቀረ ይሄዳል።