ለሆድ ምቾት የሚጠጡ የቅጠልና የሥራሥር ሻዮች፦ በቭላርዲንገን ለሚኖሩ ታካሚዎች

ሆድዎ ሲነፋ ወይም ምግብ አልፈጭ ሲልዎት ዝንጅብል ወይም እንስላል አፍልተው ይጠጡ ይሆናል። የቻይና ጎረቤቶችዎም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከቭላርዲንገን በሜትሮ ሮተርዳም ሄደው ዌስት ክራይስካደ ከሚባለው መንገድ ሱቆች ቢገቡ ዝንጅብል፣ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣ ስታር አኒስና የሊቆሪስ ሥር ያገኛሉ። አብዛኞቹ በልክ ቢጠጡ አይጎዱም። ጥቂቶቹ ግን ይጎዳሉ፤ አንዳንዴም ሻዩ ራሱ ሳይሆን በሻይ ሲያስታግሱ የሚያልፈው ጊዜ ነው የሚጎዳው።

በልክ የሚጠጡ

ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ይረዳል። በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አብዝተው ከመጠጣትዎ ወይም በእንክብል ከመውሰድዎ በፊት ፋርማሲ ይጠይቁ። ናና የሆድ ቁርጠትን ያላላል፤ ቃር ያለበትን ሰው ግን ሊያብስበት ይችላል፤ ምክንያቱም የጨጓራን አፍ የሚዘጋውን ጡንቻም ስለሚያላላው ነው። እንስላል (በደች ቬንከል) ጋዝ ያስወጣል። ነገር ግን ኤስትራጎል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይመከርም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ

ስታር አኒስ ሁለት ዓይነት ነው። የቻይናው ይበላል፣ የጃፓኑ መርዝ ነው፤ ሲደርቁ በዓይን መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 እዚሁ ኔዘርላንድ ውስጥ ሁለቱ የተቀላቀሉበት ሻይ የጠጡ 63 ሰዎች ታመዋል። ከጠጡ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ አቅለሸለሻቸው፣ አስመለሳቸው፤ 22ቱ ሆስፒታል ገቡ፣ ከነዚህ 16ቱ የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥ ደረሰባቸው። ስለዚህ ስም የሌለው፣ በላስቲክ የተቋጠረ ስታር አኒስ አይግዙ። ለጨቅላ ሕፃን ቁርጠት ደግሞ ከየትም ቢገዛ አይስጡ።

የሊቆሪስ ሥር (ዞትሃውት) በቻይና ቅይጦች ብቻ ሳይሆን በሱፐርማርኬት በሚሸጡ ብዙ የቅጠል ሻዮችና ሆላንዶች በሚወዱት ጥቁር ከረሜላ፣ በድሮፕ ውስጥም አለ። ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ፣ ፖታሲየም እንዲያጣ ያደርጋል፤ ግፊትም ይጨምራል። የደም ግፊት ካለብዎ ወይም የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቢተዉት ይሻላል። በፓኬቱ ጀርባ የተጻፈውን ያንብቡ።

ለማክሳት ወይም ለሆድ ድርቀት በሚሸጡ ሻዮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰናመኪ አለ። ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ለሳምንታት ሲጠጣ ግን ተቅማጥና የማዕድን ጉድለት ያመጣል። ስብ አያቀልጥም።

ከአገር ቤት ከሚመጡት ውስጥ ጤና አዳምን በቡና ላይ ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ አፍልቶ መጠጣት ሌላ ነው። ማህፀንን ስለሚያነሳሳ ነፍሰ ጡር ልትጠጣው አይገባም። ኮሶ አብዝቶ ሲወሰድ የዓይን ብርሃን እስከመጉዳት የደረሰበት ጊዜ አለ። ለኮሶ ትል እዚህ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እንክብል ስላለ ኮሶ መጠጣት አያስፈልግም።

«ጨጓራዬን» የሚሉ ከሆነ

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ ሰዎች በጨጓራቸው ውስጥ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ብዙ ጊዜ ከልጅነት ጀምሮ የሚኖር ነው። ቁስለት ያመጣል፤ ዓመታት ከቆየም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ዝንጅብልም ሆነ ተልባ ማቃጠሉን ለጊዜው ያበርዱት ይሆናል፣ ባክቴሪያውን ግን አያጠፉም። የሚያጠፋው አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር በአንድነት ሲወሰድ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይታያል። የቤተሰብ ሐኪምዎን (ሃውስአርትስ) «ከየት አገር እንደመጣሁ ያውቃሉ፤ ሄሊኮባክተር ቢመረመርልኝ» ብለው ይጠይቁ። ከምርመራው በፊት እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የአሲድ መቀነሻ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት መቆም አለበት፤ አለዚያ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል። ሆኖም የታዘዘልዎትን መድኃኒት ሐኪሙን ሳይጠይቁ አያቁሙ። ኢቡፕሮፌን ለራስ ምታት የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩት፤ ጨጓራን የሚያቆስል እሱ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙን ማየት ከኢንሹራንሱ የራስ ወጪ (አይገን ሪሲኮ) አይቆረጥም፤ የላቦራቶሪው ግን ይቆረጣል። ቀጠሮ ሲይዙ በስልክ አስተርጓሚ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ። የሚጠጡትንም አይደብቁ። ከአገር ቤት በፖስታ የመጣ ዱቄት ቢሆን እንኳ ከነከረጢቱ ይዘው ይሂዱ ወይም ፎቶ ያንሱት። ሐኪም የሚቆጣ የሚመስላቸው አሉ፤ እሱ ግን ማወቅ የሚፈልገው ከመድኃኒትዎ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ነው።

ሳይቀጥሩ የሚኬድበት

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገሩ ወይም ሳይፈልጉ ከከሱ ሻዩን ትተው በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይደውሉ። ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜና እሑድ የሚደወለው ለሃውስአርትሰንፖስት ነው። ደም ካስመለሱ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ሻይ ከጠጡ በኋላ ከተንፈራገጡ 112 ይደወል፤ የሻዩም ፓኬት አይጣል።