ፒጂ ደምፕ፦ ሥራ ሳያስቆም የሚቀዳው

ፒጂ ደምፕ ፖስትግሬስኪውኤል ከተባለው ዳታቤዝ ጋር አብሮ የሚመጣ ፕሮግራም ነው። መስኮትም፣ በማውዝ የሚነካ ቁልፍም የለውም፤ ተርሚናል ላይ ስሙንና የዳታቤዙን ስም ጽፎ ኢንተር መምታት ነው። ሥራው በሠንጠረዥ የተደራጀውን መረጃ ሁሉ ወደ ፋይል መገልበጥ ነው።

ትልቁ ችሎታው ደንበኛ ሳያስቆም መቅዳቱ ነው። የባንክ ዳታቤዝ እየተቀዳ ሳለ አንድ ሰው 1,000 ብር ለሌላው ቢያስተላልፍ፣ ገንዘቡ ከላኪው ወጥቶ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ቅጂው ላይ አይገኝም። ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ሥራ በጀመረበት ቅጽበት እንደነበረ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የገባ ለውጥ ቅጂው ውስጥ አይገባም።

ቅጂው በተለመደው መልኩ ሰው ሊያነበው የሚችል፣ ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ከፍተው ቢያዩት በመጀመሪያ ሠንጠረዦቹን የሚፈጥሩ ትእዛዞች፣ ቀጥሎ ረድፍ በረድፍ መረጃው፣ ወደ መጨረሻ ፍለጋን የሚያፋጥኑት ኢንዴክሶች ተሰልፈዋል። ኢንዴክሱ ቢቀድም በእያንዳንዱ ረድፍ መታደስ ስለሚኖርበት ቅጂውን ወደ ዳታቤዝ መመለሱ ይጓተታል። ይህን የኤስኪውኤል ጽሑፍ የሚመልሰው ፒኤስኪውኤል የተባለ ፕሮግራም ነው። ለትልቅ ዳታቤዝ ግን ከስተም የሚባለው የታመቀ ቅርጽ ይመረጣል፤ ይህን የሚመልሰው ፒጂ ሪስቶር የተባለ ፕሮግራም ከውስጡ አንዲት ሠንጠረዥ ለይቶ ማውጣትም፣ ሥራውን ከፋፍሎ ጎን ለጎን ማስኬድም ይችላል። ወደ ዳታቤዙ የሚገቡ ተጠቃሚዎች ስምና የይለፍ ቃል ግን በዚህ ቅጂ አይካተቱም፤ እነሱን ፒጂ ደምፕ ኦል የተባለ ሌላ ፕሮግራም ለብቻ ይቀዳቸዋል።

ባክአፕ አለ ብሎ መተማመን ብቻውን እንደማይበቃ ጊትላብ የተባለው የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ድርጅት ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ሰርቨር መረጃ ሰረዘ፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህሉ ነበር። የፒጂ ደምፕ ቅጂ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የሰርቨሩ ሥሪት 9.6፣ የቀጂው ፕሮግራም ግን 9.2 ነበር፤ ፒጂ ደምፕ ደግሞ ሥሪቱ ከራሱ የሚበልጥ ሰርቨር አይቀዳም። ስህተቱን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ለባለሙያዎቹ አልደረሱም። ድርጅቱን ያተረፈው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ በመካከሉ የገባው መረጃ ግን እንደወጣ ቀረ።

ስለዚህ በየሌሊቱ የሚወሰደው ቅጂ በየጊዜው በሌላ ማሽን፣ በባዶ ዳታቤዝ ላይ ይመለስ፤ የረድፎቹ ብዛት ይታይ፤ የፈጀው ጊዜም ይመዝገብ። ዳታቤዝ የጠፋ ዕለት ሁሉም የሚጠይቀው «መቼ ይመለሳል?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ሰዓት ቆርጦ መመለስ የሚችለው አስቀድሞ የሞከረው ነው።